ለስፖርት ካም የትኛው የቫልቭ ሞላ? ቶዮታ ዲኤክስ ለምትነዱ

ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የቫልቭ ሞላ ብትጠይቁ ሻጩ «የምን መኪና?» ይላል። «ዲኤክስ» ስትሉት «ኖርማሉን ነው ጠንካራውን?» ብሎ ይመልሳል። ካሙን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ አብዝቶ በሚከፍት «ስፖርት» ካም ያስቀየረ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ አፉን ሞልቶ «ጠንካራውን!» ይላል። እኔም ብያለሁ። በሦስተኛው ቀን ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ከኮፈኑ ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ መጣ። የሞተሩ የላይኛው ክዳን ሲነሳ ሁለት ፑሽሮድ፣ የካሙን ምት ወደ ቫልቩ የሚያደርሱት ዘንጎች፣ እንደ ሙዝ ጎብጠዋል።

ጥፋቱ የሻጩ አይደለም። ጠንካራ አልኩት፣ ጠንካራ ሰጠኝ። ስንት ኪሎ ይገፋል? በስንት ሚሊ ቁመት ላይ? ሲጨመቅስ የት ላይ ይቆማል? አንዱንም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ አቋሜ አንድ ነው። ጥሩ ሞላ ማለት ካሙን መያዝ ከሚችሉት መሃል ለስላሳው ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጥንካሬ ካሙንና እሱ ላይ የሚያርፈውን ታፔት ከመብላት በቀር ሥራ የለውም።

የምጽፈው ዲኤክስን እያሰብኩ ነው። 4ኬ ሞተር፣ 1,290 ሲሲ፣ ስምንት ቫልቭ፣ ካሙ ከታች ብሎኩ ውስጥ ያለ። ሒሳቡ ግን ለቮልስም ለላዳም ያው ነው። በጥር 2016 የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌ ሞተር አድሶ መንዳት የቅንጦት ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ካሙ ይከፍታል፣ ሞላው ይዘጋል

ካም ቫልቭን ይከፍታል እንጂ አይዘጋም። የሚዘጋው ሞላው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር ካሙ የዚያን ግማሽ ይዞራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። በዚህ ሁሉ ጥድፊያ ታፔቱን ከካሙ ጋር አጣብቆ የሚይዘው የሞላው ግፊት ብቻ ነው። ግፊቱ ካነሰ ታፔቱ ካሙን ለቆ ይዘላል። ቫልቩ በሰዓቱ አይገባም፤ ሲገባም መቀመጫውን መትቶ ይነጥራል።

ሹፌሩ ይህን የሚያውቀው ሞተሩ ከሆነ ዙር በላይ አልሄድም ሲል ነው። ቤንዚን ያለቀበት ይመስል ይንተፋተፋል። ብዙ ሰው ካርቡሬተሩን ያሳጥባል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል። ሞላውን የሚጠረጥር የለም።

ሌላም ነገር አለ። ዙር ሲጨምር ሞላው ላይ የሚመጣው ጭነት በዚያው ልክ አይደለም የሚጨምረው። ከ6,000 ወደ 7,000 ዙር ስትወጡ ዙሩ የጨመረው በ17 በመቶ ገደማ ነው፤ ጭነቱ ግን በ36 በመቶ ያህል ያድጋል። ስለዚህ ከካሙ ትልቅነት በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ እስከ ስንት ዙር ነው የምረግጠው? እዚህ ላይ መዋሸት ዋጋ ያስከፍላል።

የአዲስ አበባ ነገር ደግሞ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሞተሩም ገና ሲነሳ ጉልበቱ ጎድሏል። ቫልቭን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ትልቅ ካም ከታች ያለችውን ትንሽ ጉልበት ጭራሽ ይወስዳታል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በመጀመሪያ ማርሽ እየተንፏቀቃችሁ ትረዱታላችሁ። ሞላው ግን ከፍታ አያውቅም። የቫልቩ ክብደት ጅቡቲም እዚህም ያው ነው፤ የሚፈለገው ግፊትም ያው ነው። ለከተማ መኪና እስከ 6,000 ወይም 6,500 ዙር የሚሠራ ለዘብ ያለ ካም ይበቃል እላለሁ። ካሙ ለዘብ ሲል የሞላ ምርጫውም ይቀላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትለኩት

አራት ቁጥር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሞላው ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ላይ ተገጥሞ ቫልቩ ሲዘጋ ያለው ቁመት ነው። ሁለተኛው በዚያ ቁመት ስንት ኪሎ እንደሚገፋ ነው፤ የዝግ ግፊት እንበለው። ሦስተኛው በእያንዳንዱ ሚሊ ስንት ኪሎ እንደሚጨምር ነው። አራተኛውን ነው ሰው የሚረሳው። ሞላው ሙሉ በሙሉ ተጨምቆ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ የሚነካኩበት ቁመት። እዚያ ላይ ሞላ መሆኑ ያበቃል፤ ድፍን ብረት ነው።

ለስሌት ያህል እንዲህ እንበል። የገጠማ ቁመቱ 38.5 ሚሊ ነው። እዚያ ላይ 25 ኪሎ ይገፋል። በሚሊ 2.2 ኪሎ ይጨምራል። ጥቅልሎቹ ተነካክተው የሚቆለፈው 27 ሚሊ ላይ ነው። የፋብሪካው ካም ቫልቩን 9 ሚሊ ቢገፋው ሞላው 29.5 ሚሊ ይሆናል፤ ለመቆለፍ 2.5 ሚሊ ይቀረዋል። ሰላም ነው። አሁን 10.5 ሚሊ የሚገፋ ካም አስገቡ። ሞላው 28 ሚሊ ይደርሳል። ሲከፈት ግፊቱ 48 ኪሎ ይሆናል፤ የቀረው ቦታ ግን 1 ሚሊ ብቻ ነው። እኔ ከ1.5 ሚሊ በታች አልቀበልም።

የእኔ «ጠንካራ» ሞላ ምን እንዳደረገ አሁን ይገባችኋል። 4 ሚሊ የነበረው የሽቦ ውፍረት 4.2 ሆነ። ለዓይን ምንም አይደል። 6.75 ጊዜ ሲጠቀለል ግን የመቆለፊያው ቁመት ከ27 ወደ 28.35 ሚሊ ይወጣል። ካሙ ደግሞ እስከ 28 ሊጫነው ይፈልጋል። ሞተሩን በእጅ ስናዞር የታፔቱ ክፍተት፣ ሮከር የሚባለው መግፊያ ክንድና ቫልቩ መሃል ያለችው ስስ ክፍተት፣ ጉዱን ሸፈነልን። ዳገት ላይ ስረግጥ ግን የሚሸፍን አልነበረም፤ ደካማው ዕቃ ጎበጠ።

የመቆለፊያውን ቁመት ለማወቅ በማባዛት ብቻ አትመኑ። ሞላውን ሞርሳ ላይ አድርጋችሁ እስኪደፈን ጨምቁና በካሊፐር ለኩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞላው እንዳይፈናጠርባችሁ ግን ፊታችሁን ዞር አድርጉ።

የግፊት መለኪያ ሁሉም ጋራዥ የለውም። እኔ የመንገድ ሚዛን ነው የተጠቀምኩት። ስታዲየም አካባቢ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን የሚመዝኑ ልጆች አሉ አይደል? አንዱን አነጋገርኩና ከነሚዛኑ ቶርኖ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሚዛኑን የመብሻ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። ሞላውን አቆምንበት። ሞላው ውስጥ 38.5 ሚሊ ተደርጎ የተቆረጠ ቀጭን ቱቦ ጣልን። ከዚያ የማሽኑን ክንድ ቀስ እያደረጉ ማውረድ ነው። ከላይ የሚጫነው ብረት ቱቦውን ነካ ሲያደርገው ሚዛኑ ይነበባል። ከመኪናዬ የወጡት ስምንት ሞላዎች አንዱ 24፣ አንዱ 19፣ የተቀሩት መሃል ላይ ሆኑ። በአንድ ሞተር ውስጥ! የቶርኖ ቤቱ አዛውንት ብረት እየቆረጡ ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ በእጅህ ጨምቀህ ነበር አይደል የገዛኸው?» አሉኝ። ልጁ ደግሞ ሚዛኑን እያነሳ «ጋሼ፣ ስምንት ሰው ነው ያስመዘንከው፤ የስምንት ሰው ክፈል» አለኝ። ከፈልኩ።

ቁመቱንም አዲስ ለኩ እንጂ ከመጽሐፍ አትገልብጡ። አሮጌ ቴስታታ ሲታደስ የቫልቭ መቀመጫው ይቆረጣል። ቫልቩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ እግሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሞላው ቁመት ይረዝማል። አንድ ሚሊ ከሰመጠ በምሳሌያችን 2.2 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። አዲስ ሞላ ገዝቶ «ለስላሳ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

ሮንዴላ ወይስ አዲስ ሞላ?

በጣም የተለመደው የጋራዥ ዘዴ አሮጌው ሞላ ሥር ሮንዴላ መጨመር ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በቦታው ከሆነም ትክክለኛ ሥራ ነው። የሮንዴላ ቦታው መቀመጫው ሲቆረጥ የጠፋውን ቁመት መመለስ ነው። 1 ሚሊ ሰመጠ፣ 1 ሚሊ ሮንዴላ ገባ፣ አለቀ።

ለስፖርት ካም «ማጠንከሪያ» ሲሆን ግን አደጋ ነው። በምሳሌያችን 1.5 ሚሊ እንጨምር። የገጠማ ቁመቱ 37 ይሆናል፣ የዝግ ግፊቱ ወደ 28 ኪሎ ከፍ ይላል። ደስ ይላል። ካሙ 10.5 ሲገፋው ግን ሞላው 26.5 ሚሊ መድረስ አለበት፤ የሚቆለፈው 27 ላይ ነው። ግማሽ ሚሊ ብረት ውስጥ ሊገባ ነው። አይገባም። ወይ ፑሽሮድ ይጎብጣል፣ ወይ ሮከር ይሰነጠቃል፣ ወይ የካሙ አፍንጫ ይላጣል። በዚያ ላይ የደከመ ሞላ ሮንዴላ ስላገኘ አይታደስም።

አዲስ ኦሪጂናል ሞላ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። የካሙ ግፊያ (ቫልቩን የሚገፋበት ሚሊ) ከፋብሪካው ብዙም ካልራቀ፣ ዙሩም ከፋብሪካው ገደብ ካላለፈ፣ ስምንት አዲስ ኦሪጂናል ሞላ ከምንም «ስፖርት» ኮፒ ይሻላል። «ዲኤክሴ ከፍ ስትል ትታፈናለች» ከሚሉ ልጆች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ይሄው ይመስለኛል። ካም እንኳን አያስፈልጋቸውም።

ነጠላ ጠንካራ ወይስ ድርብ?

ዋናው ምርጫ ይሄ ነው። ለዲኤክስ ጎዳና የእኔ ድምፅ ለነጠላው ነው፤ ከተቻለ ውስጡ ጠፍጣፋ የብረት ጥቅልል ያለበት። ያ ጠፍጣፋ ብረት ግፊት ለመጨመር አይደለም የገባው። ሞላውን እየታከከ ንዝረቱን ይገድላል። ሞላ የራሱ ንዝረት አለው፤ ክራር አንዴ ተመትቶ እንደሚቀጥለው። የካሙ ምት ከዚያ ንዝረት ጋር ሲገጥም ሞላው በወረቀት ላይ ያለውን ግፊት መስጠት ያቆማል።

የነጠላው ጥቅም በነበረው ቦታ ላይ መግባቱ ነው። ቴስታታ አይቆረጥም። ሞላውን ቫልቩ ጫፍ ላይ የሚይዘው የላይኛው ሳህንም ብዙ ጊዜ ያው ይቀጥላል። ጉዳቱ አንድ ነው። ከተሰበረ ቫልቩ ፒስቶን ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ድርቡ ያንን ይመልሳል። ውጭና ውስጥ ሁለት ሞላ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠቀለሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ እንዳይጠላለፍ። አንዱ ቢሰበር ሌላው ቫልቩን ይዞ ቤታችሁ ያደርሳችኋል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው የላዳ ታክሲ ከፋብሪካው ጀምሮ ድርብ ሞላ ነው ያለው። ስንት ዓመት አገለገለን!

ነጠላ ለነበረው ቴስታታ ግን ድርብ ሞላ የዕቃ መቀየር ብቻ አይደለም። የውስጠኛው ሞላ ከቫልቭ ጋይዱ (የቫልቩ እግር ከሚንሸራተትበት ቱቦ) እና ዘይት ከሚከለክለው ጎሚኒ ጋር ቦታ ይጣላል። የታችኛው መቀመጫ መስፋት ሊኖርበት ነው። ሳህኑም ሁለት ደረጃ ያለው መሆን አለበት። ጥሩ ቶርኖ ቤት ይሠራዋል፤ ቀሽም ቶርኖ ቤት ደግሞ ቆርጦ ቆርጦ የውሃ መተላለፊያው ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ከ7,000 ዙር በላይ የሚረገጥ የውድድር ሞተር ከሆነ ድርቡን ውሰዱ። ቅዳሜ ማታ ቦሌ መንገድ ላይ ለመታየት ከሆነ ይቅርባችሁ።

«ጠንካራ ሞላ ጉልበት ይበላል» የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ሞላውን ለመጭመቅ የወጣው ጉልበት አብዛኛው ቫልቩ ሲዘጋ ካሙን መልሶ በመግፋት ይመለሳል። የማይመለሰው በፍትጊያ የጠፋው ነው። ችግሩ ፍትጊያው የሚያርፍበት ቦታ ነው። የ4ኬ ታፔት ሮለር የለውም፤ ጠፍጣፋ ፊቱ ካሙ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚኖረው። ትርፍ ኪሎ በጨመራችሁ ቁጥር የዘይቱ ስስ ሽፋን ላይ ነው የምትጭኑት። ካሙ አንዴ መላጥ ከጀመረ አይቆምም፤ የተላጠው ብረት ደግሞ በዘይቱ ሞተሩን ይዞራል።

ከኬ ሞተሮች መሃል 5ኬን የያዘ ሰው ሃይድሮሊክ (ክፍተቱን በዘይት ራሱ የሚሞላ) ታፔት እንዳለው እንደሌለው ይመልከት። ሃይድሮሊክ ከሆነ እሱ ውስጥ ያለውን ዘይት ከልክ ያለፈ ሞላ ጨምቆ ያስወጣዋል። ከፍ ያለ ግፊት እዚያ ጭራሽ አይመከርም።

ሾጣጣው

ፈረንጆቹ ይሄን ሞላ በንብ ቀፎ ስም ይጠሩታል። የእኛ ባህላዊ ቀፎ እንደ ግንድ ተጋድሞ ዛፍ ላይ የሚሰቀል ስለሆነ ስሙ ለእኛ ግራ ነው። ሾጣጣ ብዬዋለሁ። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ። የላይኛው ሳህን ትንሽና ቀላል ይሆናል። ቀላል ዕቃ ለመመለስ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ ስለዚህ በለስላሳ ሞላ ከፍ ያለ ዙር ይገኛል። ጥቅልሎቹ እኩል ስላልሆኑ በአንድ ንዝረት አይያዙም። ጀነራል ሞተርስ ኤልኤስ በሚባሉት ቪ8 ሞተሮቹ ከፋብሪካ ገጥሞታል።

ለእኔ ከሁሉም ያማረው ይሄ ነው። ችግሩ ሳህኑና ሳህኑን ቫልቩ እግር ላይ የሚይዙት ቁልፎች አብረውት መምጣት አለባቸው፤ ሶማሌ ተራ ደግሞ ለዲኤክስ የሚሆን አላየሁም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሻንጣ ጥግ አይበልጥም። ከማዘዛችሁ በፊት ግን የገጠማ ቁመታችሁን፣ የታችኛውን የመቀመጫ ስፋትና የቫልቭ እግራችሁን ውፍረት ላኩለት። «ለዲኤክስ በለው» ብቻ ካላችሁት ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም።

የሌላ መኪና ሞላ ስትሞክሩም ጥያቄው እነዚሁ ልኮች ናቸው። «የላዳው ይገባል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ታች ይቀመጣል? ሳህኑ ቁልፎቹን ይይዛል? ሲከፈት 1.5 ሚሊ ይተርፈዋል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ የማንም ሞላ ይሁን።

ቱርቦ ላስገባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የቱርቦው ግፊት የመግቢያ ቫልቩን ከጀርባው ይገፋዋል። ስፋቱ 37 ሚሊ ለሆነ ቫልቭ 0.7 ባር ማለት 7.5 ኪሎ ገደማ ነው። ያንን የዝግ ግፊቱ ላይ ደምሩት። ቱርቦ ለከፍታችን ከካም የተሻለ መፍትሔ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ያ ሌላ ቀን።

ሱቁ ላይ

ካሙ አዲስ ከሆነና ወረቀት ካለው ወረቀቱ ላይ የታዘዘውን የሞላ ግፊት ያዙ። ሠሪው የካሙን ቅርጽ ያውቃል፤ እኔም መካኒካችሁም አናውቀውም። ካሙ አገር ውስጥ ተቆርጦ የተሠራ ከሆነ ወረቀት የለውም። ያኔ ግፊያውን በዲያል ጌጅ (በመርፌ ሚሊ በሚያሳይ መለኪያ) ቫልቩ ላይ ለኩ። ካሙ ላይ የለካችሁት አይበቃም፤ ሮከሩ ያበዛዋል።

ያገለገለ ሞላ ስታዩ ዝገት የበላው ነጥብ ካለ መልሱት። ስብራት የሚጀምረው ከዚያ ነው። በዚሁ ምክንያት አዲሱንም በፒንሳ አትያዙት፤ አንድ ጭረት ይበቃዋል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁማችሁ በስኳድራ እዩት። የተዘመመ ሞላ ቫልቩን ወደ ጎን እየገፋ ጋይዱን ይበላል። ስምንቱን ደርድራችሁ ቁመታቸውን አወዳድሩ። አንዱ አጥሮ ከታየ ደክሟል።

ስትገጥሙ ሳህኑና ጎሚኒው መሃል ያለውን ክፍተት እንዳትረሱ። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እዚያም 1.5 ሚሊ ያህል መትረፍ አለበት። ካልተረፈ ሳህኑ ጎሚኒውን ይቀጠቅጠዋል፣ መኪናዋም ሰማያዊ ጭስ ትጀምራለች። ቫልቩና ፒስቶኑ መሃል ያለውን ደግሞ በልጆች ፕላስቲሲን እዩት። ፒስቶኑ ላይ ትንሽ ለጥፋችሁ ቴስታታውን ግጠሙ፣ ታፔቱን አስተካክሉ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፣ አውርዳችሁ ቀጭኑን ቦታ ለኩ። ለመግቢያው 2 ሚሊ፣ ለማስወጫው 2.5 ሚሊ ካላችሁ ጥሩ ነው።

አዲስ ካም ከሆነ ታፔቱም አዲስ ይሁን። አዲስ ካም በአሮጌ ታፔት ገጥሞ የሚቆጥብ ሰው ሁለቱንም እንደገና ይገዛል። ካሙን በሠሪው ቅባት ቀቡት፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ሙሉ። ድርብ ሞላ ከገጠማችሁ ለመጀመሪያው ማለማመጃ የውስጠኛውን አውጡት። ሞተሩ ሲነሳ በሚኒሞ አታቁሙት። ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አውጡና በ2,000 እና በ2,500 መሃል እያወዛወዛችሁ 20 ደቂቃ ያዙት። ጎረቤት ይጮሃል፣ ይጩህ። ከዚያ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ የውስጠኛውን ሞላ መልሱ፣ የታፔት ክፍተቱን እንደገና አስተካክሉ። እኔ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሜ ከፍቼ አየሁት። አንዱ ክፍተት ከሌሎቹ ሰፋ ብሎ ከሆነ ታፔቱን አውጥታችሁ ፊቱን ብርሃን ላይ እዩት። መሃሉ የጎደጎደ ከሆነ ካሙ መበላት ጀምሯል።